ጢስ ዓባይ በፈረቃ

የአንድ ብር ኖቷን ጀርባ የማያስታውስ ሰው ካለ ገና ልጅ መሆን አለበት። ፊቷ ላይ የአንድ ልጅ ምስል፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት ወፎች፣ ከወፎቹ ኋላ ደግሞ ገደሉን ሞልቶ የሚወርድ ውሃ። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በታክሲ ረዳት ጣቶች መካከል እየታጠፈች፣ በጉልት ነጋዴ መቀነት ውስጥ እየላበች ስለኖረች ፏፏቴው ብዙ ጊዜ የሚታየው ከእድፍ ሥር ነበር። ቢሆንም ከመካከላችን አብዛኛው ሰው ጢስ ዓባይን ያየው እዚያች ላይ ነው። ባሕር ዳር ወርዶ፣ ከዚያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በዐይኑ ያየው ጥቂቱ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የአንድ ብር ሳንቲም ወጣና ኖቷ ቀስ በቀስ ከእጃችን ጠፋች። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ የጣና ውሃም በዋሻ ወደ ሌላ አቅጣጫ መሄድ ጀመረ። ፏፏቴው ከብሩም ከገደሉም የወረደው በአንድ ዓመት ነው። አጋጣሚ ነው፤ ማንም አስቦ አላገናኘውም። እኔም ሳንቲሙን በእጄ ባገላበጥኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ብቻ ነው የማነሣው።

እኔ ጢስ ዓባይን ያየሁት ግጭቱ ከመምጣቱ በፊት፣ በአንድ የጥር ወር ነው። ጥምቀትን ጎንደር አክብረን ስንመለስ «እዚህ ድረስ መጥተን ሳናየው?» ተባባልን። ጢስ ዓባይ ከተማ ደርሰን ቲኬት ቆረጥን፤ ከፏፏቴው በላይ ረጋ ብሎ በሚፈሰው ወንዝ ላይ በሞተር ጀልባ ተሻገርን። ከዚያ በጫት ማሳዎችና በሸንኮራ አገዳ መካከል የሚያልፍ ቀጭን የእግር መንገድ አለ። ነጠላና የአንገት ልብስ የያዙ ልጃገረዶች ግራና ቀኝ እየተከተሉ «ስትመለስ ግዛኝ፤ ስሜን አትርሳ» ይሉ ነበር። መንገዱ ታጠፈና ገደሉ ፊት ለፊት መጣ።

ጥቁር ዐለት ነው ያየነው። አራት መቶ ሜትር ያህል የሚሰፋው ገደል ከዳር እስከ ዳር ተጋልጦ ቆሟል። በአንደኛው ጥግ ላይ ሦስት ቀጫጭን የውሃ ዘለላዎች ይወርዳሉ። ውሃ ይጋልብበት በነበረው ከንፈር ላይ ሣር በቅሏል። ጢስ የሚባል ነገር የለም። አጠገባችን የቆሙ ባልና ሚስት የውጭ ጎብኚዎች በመጽሐፋቸው ላይ ያለውን ፎቶ ከገደሉ ጋር ያስተያያሉ፤ ልክ ቦታውን ተሳስተው የመጡ ይመስል። አስጎብኚያችን ወጣት ነው። ተሸማቀቀ። ስልኩን አውጥቶ በመስከረም የተነሣ ፎቶ አሳየንና «እሑድ ብትመጡ ኖሮ ሊለቁት ይችሉ ነበር» አለን።

እሑድ? ውሃ በሳምንት ቀን ይፈስሳል እንዴ?

ፈረቃ የሚለውን ቃል የመብራት ፈረቃ ነው ያስተማረን። በ2001 ዓ.ም. የነበረውን የሚያስታውስ ሰው፣ ያን ቃል ሲሰማ ሻማና ጀነሬተር ይታወሰዋል። ጢስ ዓባይ ያኔ እኛ በነበርንበት ሁኔታ ውስጥ ይገኛል፤ አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። ልዩነቱ፣ ለእኛ ቢያንስ የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን እንደሚጠፋ በጋዜጣ ይነገረን ነበር።

ውሃው የት ሄደ?

ነገሩን ለመረዳት ከጣና መነሣት ያስፈልጋል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ክረምት የሚያስገቡለትን ወንዞች ውሃ ይይዝና ዓመቱን ሙሉ እያብቃቃ በዓባይ በኩል ያወጣዋል። የተፈጥሮ ጎተራ ነው ቢባል ያስኬዳል። የፏፏቴውም ውበት የመጣው ከዚህ ነው፤ ዝናቡ በመስከረም ቢያቆምም ጎተራው እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ይመግበው ነበር። ሐቁን ለመናገር በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ድሮም ቢሆን ቀጭን ነበር። ሰው ሳይነካው ዓመቱን ሙሉ እንደ ነሐሴ ያገሳ ነበር የሚል ካለ ያጋንናል።

የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ፣ ጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ፣ የተሠራው በ1956 ዓ.ም. ነው። አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ግድብ አልነበረውም፤ ወንዙ በሰጠው ልክ ከፏፏቴው በላይ ጥቂት ውሃ ቀድቶ፣ በገደሉ ቁመት አውርዶ፣ ከታች ይመልሰዋል። ማንም ሳያማርር ለአርባ ዓመት ያህል ኖረ። ጎብኚው ፏፏቴውን ያያል፣ ባሕር ዳር መብራት ታገኛለች።

ነገሩ የተለወጠው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ ጨረጨራ በሚባለው ቦታ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። መጀመሪያ ሁለት በሮች ነበሩት፤ በኋላ አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣና በራሱ ፈቃድ አይፈስስም፤ የሚያዝዘው የበሩ ቁልፍ ነው። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ሲጨመር፣ የበጋውን ፍሰት ጠቅልሎ የሚወስድ አፍ ከገደሉ በላይ ተከፈተ። ጎብኚዎች «ውሃው ጠፋ» ማለት የጀመሩት ያኔ ነው።

ጉዳቱ በፏፏቴው ብቻ አላበቃም። በ2003 እ.ኤ.አ. ዝናቡ አንሶ፣ ማመንጫው ደግሞ ሳያቋርጥ ሲጠጣ፣ የጣና ወለል ክፉኛ ወረደ። መርከቦች ለወራት መቆም ግድ ሆነባቸው። ሰፊ የደንገል ቦታ ደረቀ፤ ውሃው የለቀቀውን መሬት ሰዎች አረሱት። ደንገል ለወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ነው፣ ሰሌን ነው፣ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በወቅቱ ሀገሪቱ የነበራት የኃይል ምንጭ ጥቂት ስለነበረና ያለው ሁሉ እስከ ጫፍ ይሠራ ስለነበር ነው። ማንንም በክፋት አልከስስም። እኔም በዚያ መብራት ሥር ተቀምጬ አንብቤአለሁ።

ቀጥሎ ጣና በለስ መጣ። ይህ ከሁሉም የሚለይበት ነገር አለ። ውሃውን ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከቁንዝላ አካባቢ ይቀዳና በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ሸለቆ ያወርደዋል። ከመሬት በታች የተሠራው ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት አለው። በዕቅዱ ላይ የተያዘው በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህ ጣና በዓመት ከሚያወጣው ውሃ ከግማሽ በላይ ነው። ያ ውሃ ጨረጨራን አይነካም፣ በባሕር ዳር ድልድይ ሥር አያልፍም፣ ጢስ ዓባይንም አያይም። ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ወደ ተጠባባቂነት ወረዱ። ስለዚህ ዛሬ የፏፏቴው ተቀናቃኝ አጠገቡ ያለው አሮጌ ጣቢያ አይደለም፤ ከተራራ ማዶ ያለው ነው። ጎብኚው ገደሉ ላይ ቆሞ ቱቦዎቹን እያየ «እነዚህ ናቸው የወሰዱት» ብሎ ሲረግም ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን ነው የሚረግመው።

ተራራ ይጠብቅሃል

ለማየት ርቀን የምንሄድላቸው የተፈጥሮ ቦታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥበቃ አይፈልጉም። የስሜን ተራሮች በጥርም በሐምሌም እዚያው ናቸው። ጉም ቢሸፍናቸው ጠዋት ይገለጣል። የፓርኩ ችግር ግጦሽና ሠፈራ፣ እንዲሁም የዋልያ ቁጥር ማነስ ነበር፤ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ በ2017 ወጣ። መፍትሔው ከባድና ለብዙ አባወራዎች መራራ ቢሆንም ምን እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ ወሰን ማበጀት፣ ጠባቂ ማቆም፣ ለነዋሪው ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ።

ፏፏቴ እንዲህ አይደለም። ዙሪያውን በሽቦ ቢያጥሩት፣ በር ላይ ዘበኛ ቢያቆሙ፣ ሎጅ ቢሠሩለት ዕቃው እዚያ የለም። ዕቃው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ፣ በር ተዘግቶበት ሐይቅ ውስጥ ነው ያለው። ገደሉማ ድንጋይ ነው። እኛ «ጢስ ዓባይ» ብለን የምንጠራው በተወሰነ ሰዓት በድንጋዩ ላይ የሚያልፈውን የውሃ መጠን ነው፤ መጠኑን የሚወስን ሰው ከሌለ ቦታውን መጠበቅ ባዶ ሙዳይ መጠበቅ ነው።

አብያታ ሐይቅም በዚሁ መንገድ ነው የተጎዳው። ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ወሰኑ በካርታ ላይ ሰፍሯል፤ ውሃው ግን ለሶዳ አሽ ፋብሪካና በቡልቡላ ወንዝ ላይ ለሚካሄድ መስኖ ሲቀዳ ሐይቁ ከፓርኩ ውስጥ እየሸሸ መጣ። ፍላሚንጎዎቹን ለማየት ዛሬ በነጭ ጭቃ ላይ ብዙ መራመድ ያስፈልጋል።

ታዲያ ለጢስ ዓባይ ስንት ውሃ ይበቃዋል? ዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ባልደረቦች በጉዳዩ ላይ ጥናት ሠርተዋል። ከጨረጨራ በታች ያለው ወንዝ መሠረታዊ ሥነ ምኅዳሩን ይዞ እንዲቆይ በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ፣ ማለትም ከዓመታዊ ፍሰቱ 22 በመቶ፣ ሊለቀቅለት ይገባል ሲሉ ገምተዋል። በደረቅ ዓመት እንኳ ከማይወርድ ወርኃዊ ዝቅተኛ መጠን ጋር። ጥሩ ነው። ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ግምቱ የፏፏቴውን መልክ ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ውሃ አይጨምርም ይላል። አጥኚዎቹ አልደበቁም፤ በግልጽ ጽፈውታል። ለዓሣው ተሰልቷል፣ ለደንገሉ ተሰልቷል፣ ለተርባይኑ ድሮም ተሰልቷል። ሊያየው ለመጣው ሰው የተሰላ ሊትር ግን የለም።

የነገሩ ቋጠሮ ይህ ይመስለኛል። ለውበቱ የተመደበ ውሃ ስለሌለ፣ የሚተርፍ ሲኖር ብቻ ይወርዳል። የሚተርፈው ደግሞ መቼ ነው? ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ ሐይቁ ሞልቶ በሮቹ ሲከፈቱ። በዚህ ጊዜ ጢስ ዓባይ ዛሬም ጢስ ዓባይ ነው፤ ያላየው ሰው «ሞቷል» ብሎ ማውራቱን ይተው። ጎብኚው ግን የሚመጣው ለገናና ለጥምቀት ነው። ላሊበላንና ጎንደርን አይቶ፣ በጥር ባሕር ዳር ሲደርስ ጎተራው ተዘግቶ ያገኘዋል። የውሃው ቀን መቁጠሪያና የጎብኚው ቀን መቁጠሪያ ተላልፈዋል።

የናያግራ ሰዓት

ቶሮንቶ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ከኢትዮጵያ ዘመድ በመጣባት ቁጥር የምትወስደው ናያግራ ነው። እኔንም ወሰደችኝ። የብረት አጥሩን ተደግፈን ቆመን ፊታችን በርጥበት እየታጠበ «የእኛው ጢስ ዓባይ ይበልጣል» አለችኝ። አይታው አታውቅም። የአንድ ብሯን ሥዕል ነው የምትለው።

ያን ቀን ሁለታችንም ያላወቅነው ነገር፣ ናያግራም በፈረቃ መሆኑን ነው። ከፏፏቴው በላይ አሜሪካና ካናዳ ለኃይል ማመንጫዎቻቸው እጅግ ብዙ ውሃ ይቀዳሉ። ግን በ1950 እ.ኤ.አ. ውል ተፈራርመዋል። ከሚያዝያ 1 እስከ ጥቅምት መጨረሻ በእነርሱ አቆጣጠር፣ በጉብኝት ሰዓት፣ በሰከንድ ከ2,832 ሜትር ኩብ ያላነሰ ውሃ በፏፏቴው ላይ ማለፍ አለበት። በሌሊትና በክረምታቸው ግማሹ ይበቃል። ሰዓቱ ሳይቀር ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ይጀምራል፣ በበጋቸው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይቆያል። በመግቢያውም ላይ ሁለቱ መንግሥታት የፏፏቴውን ውበት መጠበቅ ቀዳሚ ግዴታቸው እንደሆነ አስፍረዋል። የኃይል ምሕንድስና ሰነድ ውስጥ «ውበት» የሚለው ቃል ቁጥር ተሰጥቶት መቀመጡ ነው የገረመኝ።

አሜሪካና ካናዳ ሀብታም ስለሆኑ ነው ይባል ይሆናል። ግን ሀብታም ሆነውም ውሃውን አልተዉትም። ግማሹን ይወስዳሉ፤ ሌሊት ሲሆን ይጨምራሉ። ሲያስፈልግም ጭራሽ ያቆሙታል፤ በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኩል ያለውን ፏፏቴ ለወራት ገድበው ዐለቱን መርምረዋል፣ ደረቁን ገደል ለማየት የጎረፈውም ሕዝብ ቀላል አልነበረም። ጎብኚ አስቀድሞ ከተነገረው ደረቅ ድንጋይም ያያል። ያልተነገረው ነው የሚከፋው።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው የጓይራ ታሪክ ነው። በብራዚልና በፓራጓይ ድንበር፣ በፓራና ወንዝ ላይ የነበረው ጓይራ በውሃ መጠን ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. የኢታይፑ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰጠመ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሊሰናበቱት ከመጡት መካከል በርካቶች የእግረኛ ድልድይ ተሰብሮ ሞተዋል። ኢታይፑ ለሁለቱ ሀገሮች የሰጠው ኃይል ከፍተኛ ነው፤ ጓይራ ግን ፈረቃ እንኳ የለውም። ጢስ ዓባይ የጓይራ ዕጣ አልደረሰበትም። ገደሉ አለ፣ ውሃውም ሐይቁ ውስጥ አለ፣ በሩም ይከፈታል። ይህን ያህል ቀላል ጉዳይ ሆኖ ሳለ ሃያ ዓመት መጓተቱ ነው የሚያናድደኝ።

ስንት ያስከፍላል?

እስቲ በጣት እንቁጠረው። በበጋ ወራት ቅዳሜና እሑድ፣ በቀን ለስድስት ሰዓት፣ በሰከንድ 50 ሜትር ኩብ ውሃ በፏፏቴው ላይ ይለፍ እንበል። ገደሉን ከዳር እስከ ዳር አይሞላም፤ ግን ድምፅ ይኖረዋል፣ ጢስም ይነሣል። በሳምንት 12 ሰዓት ማለት ነው። ይህን በለስ በሳምንት ሙሉ እንዲወስድ ከታቀደለት አማካይ 77 ሜትር ኩብ ጋር ብናስተያየው ከመቶ አምስት እጅ አይሞላም። ውሃው ከጨረጨራ እስከ ገደሉ ሲጓዝ ስለሚበታተን ጥቂት እንጨምርበት፤ ስድስት፣ ሰባት ይሁን።

ያም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በጢስ ዓባይ በኩል የሚሄደውም በበለስ በኩል የሚሄደውም ውሃ መጨረሻው አንድ ነው። በለስ ዞሮ ዞሮ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ሁለቱም ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይገባሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አለው፤ ከጣና በለስ ከአሥር እጥፍ በላይ። ፏፏቴው ላይ የወረደው ውሃ ከቀናት በኋላ ጉባ ላይ ተርባይን ያዞራል። የምናጣው በበለስ በኩል ያለውን ከፍታ ብቻ ነው።

በ1993 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት ሲከፈት ይህ ስሌት አይሠራም ነበር። 73 ሜጋ ዋት ያኔ ለሀገሪቱ ትልቅ ቁጥር ነው፤ በመብራትና በፎቶ መካከል ምረጥ የተባለ መንግሥት መብራትን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ዛሬ ግን ያው ውሳኔ ማንም ሳይመረምረው በልማድ ቀጥሏል። ያን ጊዜ ለችግር የወጣ አሠራር ችግሩ ሲቀልል አልተነሣም።

ስሌቱ ያላያቸው ነገሮችም አሉ። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ከፍቶ ማታ መዝጋት ለወንዙ ጤና አይደለም፤ ውሃው ድንገት ከፍና ዝቅ ሲል በዳርቻው ያለው ሕይወት ይታወካል። ስለዚህ መጀመሪያ የማያቋርጥ ዝቅተኛ ፍሰት፣ በላዩ ላይ የሳምንቱ መጨረሻ ጭማሪ ነው የሚሻለው። ሁለተኛው ነገር ከዚህም የባሰ ነው። ከፏፏቴው በላይና በታች ሰዎች ልብስ ያጥባሉ፣ ከብት ያጠጣሉ፣ በደረቁ ዐለት ላይ እየዘለሉ ይሻገራሉ። ሳይነገራቸው ውሃ ቢለቀቅባቸው አደጋ ነው። የታወቀ ሰዓትና የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከጎብኚው በፊት ለእነርሱ ያስፈልጋል።

ሌላው ጥያቄ ጎብኚው ራሱ የት አለ የሚለው ነው። ከኮሮና ወረርሽኝ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የባሕር ዳርን ሆቴሎች አራግፏል። ነጠላ ይዘው ይከተሉን የነበሩት ልጃገረዶች ዛሬ ማንን እንደሚከተሉ አላውቅም። ሰው በሕይወቱ በሚሰጋበት ጊዜ ስለ ፏፏቴ ማውራት ቅንጦት ነው የሚለኝን ሰው አልከራከረውም፤ ልክ ነው። የበር አከፋፈት ሕግ ግን ጎብኚ ሲመጣ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ የኃይል፣ የውሃና የቱሪዝም ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሆነው የሚጨርሱት ሥራ ነው። ጎብኚ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ለስህተትም ለሙከራም ይመቻል።

እስከዚያው ግንባታው አልቆመም። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሪዞርት ተሠርቷል። በባሕር ዳር ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለ፤ ማታ መብራቱ ሲበራ ለፎቶ የሚቆመው ሰው ብዙ ነው። መልካም ሥራዎች ናቸው፤ አላጣጥላቸውም። ግን ያ ድልድይ የተሠራበት ወንዝ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ገደሉ ላይ ሲደርስ ስንት ሆኖ እንደሚደርስ ከድልድዩ ብሎን ያነሰ ትኩረት ነው ያገኘው። አልጋ እንሠራለን፣ መንገድ እንሠራለን፤ እንግዳው አልጋው ላይ ተኝቶ፣ በመንገዱ ሄዶ የሚያየው ነገር በማን እጅ እንዳለ አልታወቀም።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለዚህ ነገር ሲጠቀስ ሰምቻለሁ። አይገጥምም። የጠማው ልጁ አይደለም፤ ዓባይ ራሱ ነው፣ ገና ከቤቱ ደጃፍ ሳይርቅ።

ጢስ ዓባይን ለማየት ላሰበ ሰው ግን አንድ ጥቅም ያለው ነገር ልናገር። ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ይሂድ። ጠዋት ይሂድ፤ ፀሐይዋ ከጀርባ ስትሆን ቀስተ ደመናው የሚታየው ያኔ ነው። ሲሄድ በጀልባው ቢሻገር፣ ሲመለስ በእግር በአላታ ድልድይ በኩል ቢዞር ይሻላል። ያ የድንጋይ ድልድይ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ወንዙ እዚያ ጋ በጠባብ የዐለት ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ከሥር ይጮኻል። በበጋ እንኳ፣ ገደሉ ደረቅ በሆነበት ቀን፣ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ውሃ አይጠፋም።

አስጎብኚያችን ያን የጥር ቀን ሲሰናበተን በቲኬቱ ጀርባ ላይ ስልክ ቁጥሩን ጻፈልኝ። «ሌላ ጊዜ ከመምጣትህ በፊት ደውልልኝ፤ ካለ አለ እልሃለሁ፣ ከሌለ አትልፋ» አለኝ። ቲኬቱን በኪስ ቦርሳዬ ያዝኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመስቀል ማግስት ደወልኩለት። ማን እንደሆንኩ አላስታወሰኝም። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እየጮኸ ነው የሚናገረው፤ መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ ዝጋና መልሰህ ደውል ልለው ስል «ቆይ፣ ስልኩን ወደዚያ ላዙርልህ» አለኝ።